ጥርሴ ያረፈበት ዳቦ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ሰሞን፣ ከሻይ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን፦ መምህር ሙኒሳ፣ ተሸካሚው ቡርሆን፣ እትዬ ጉልሱም፣ ለሥራ ወደ ሩሲያ በሚሄደው ባቡር የተመዘገቡ ጥቂት የሰፈር ልጆች፣ በሩ አጠገብ ደግሞ እኔ ጋጋሪው ሲሮጅ። በሩ አጠገብ የምቀመጠው ልብሴ ላይ ዱቄት ስላለ ነው እል ነበር። ዱቄቱስ ነበረ። ግን ከዚያ ሆኖ፣ ራስህ ሳትታይ መምህሯን ማየት ይቻላል።

አብዛኞቻችን ትምህርት የተውነው በጦርነቱ ዘመን ነው። እኔ አራተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ ከዋናው ጋጋሪ ከኡስቶ ቃሲም ምድጃ ዘንድ ገባሁ። ፊደሌን ግን አልጣልኩም። የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያነበብኩ አደግኩ፤ በስሕተት የተጻፈ ቃል ሳይ ዛሬም ያመኛል።

ሙኒሳ ይህን ትምህርት የጀመረችው በእትዬ ጉልሱም ምክንያት ነው። እትዬ ጉልሱም ከሩሲያ የመጣላቸውን የልጃቸውን ደብዳቤ ሊያስነብቡ ቤቷ ሄደው ነበር። ደብዳቤው «ደህና ነኝ። በረዶ ወረደ። ሥራ አለ። አታስቢ።» ይላል። እሳቸው ሰምተው «ሌላውስ?» አሉ። «ሌላ የለውም» አለቻቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። «ልጄ እንዲህ እየተቆራረጠ የሚናገረው ሲታመም ነው» አሉ።

ስለዚህ ወደ ሩሲያ የሚሄድ ሁሉ ከመሄዱ በፊት አጫጭሩን ነገር አገጣጥሞ መጻፍ ይማር አለች። ማንም ያዘዛት የለም፤ የሚከፍላትም የለም።

«እስቲ እዩዋቸው» አለች በዚያ እሑድ። ክፍሉን አቋርጦ በተወጠረው ገመድ ላይ አራቱን ዐረፍተ ነገሮች በየወረቀቱ ጽፋ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላቸዋለች። «አራቱም ትክክል ናቸው። ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ጠይቋቸው። የትኛው ቀደመ? የትኛው በየትኛው ምክንያት መጣ? የትኛውስ የትኛውን እምቢ አለው?»

ቡርሆን እጁን አወጣ። «በረዶ ወረደና ሥራ አለና ደህና ነኝና አታስቢ።»

«ይህ መግጠም አይደለም፤ መደርደር ነው።»

«መምህር፣ እኔ እኮ ተሸካሚ ነኝ። ከረጢት ላይ ከረጢት መደርደር ነው የማውቀው።»

ሁሉም ሳቀ። እትዬ ጉልሱም ግን አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ገመዱ ሄዱና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዳበሷቸው። የተማሩት ከኛ ጋር ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። «በረዶ ቢወርድም» አሉና ቆሙ። «በረዶ ቢወርድም፣ ሥራ ስላለ፣ ደህና ነኝ።» ወደ ሙኒሳ ዞሩ። «እንዲህ ብሎ ቢልክልኝ ኖሮ እኮ እተኛ ነበር።»

ሙኒሳ የመጨረሻዋን ወረቀት ለብቻዋ አራቅ አድርጋ ሰቀለቻት። «‹አታስቢ› የምትለዋን ግን ብቻዋን ተዉአት። ሁሉም አይገጠምም። ረጅሙን ሰምቶ የደከመ ጆሮ አጭሩን አይረሳም።»

ከዚያ ወረቀታችንን እየዞረች አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ ሻሿ ትከሻዬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ፊደልህ እንከን የለውም ሲሮጅ» አለች። «ዐረፍተ ነገሮችህ ግን ምድጃ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ዳቦ ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው።»

«ሊያስተዋውቃቸው አፍሮ ነው መምህር» አለ ቡርሆን። «እሱ ራሱ ሰላም የሚለው ሲገፉት ነው።»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ደረጃውን እየወረድኩም ቢሆን ያ ዓይን ጀርባዬ ላይ ነበር።

በማግስቱ አባቷ ዶሙሎ ዙሁር ወደ ምድጃችን መጡ። በሰፈራችን ከሳቸው ያልተማረ የለም፤ «ዶሙሎ» ማለታችንም መምህር ማለታችን ነው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ናቸው።

«ሲሮጅ ልጄ፣ ዓርብ እንግዶች አሉብኝ፤ ከኹጃንድ ከተማ የሚመጡ። ዳቦ የሚቆረስበት ቀን ነው። ሰሊጡን በዛ አድርገህ፣ ጥንድ ጥንድ አርገህ አምጣልኝ።»

«እሺ።»

«በእሑዱ ባቡር ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«አላህ በሰላም ይመልስህ።»

«አሚን።»

ዳቦ ይቆረሳል ማለት ሙኒሳ ትታጫለች ማለት ነው። የወንዱ ወገኖች መጥተው ሲቀመጡ ዳቦው ሙሉውን ማዕዱ ላይ ይቆያል፤ አባት እሺ ያለ ጊዜ ይቆረሳል፤ ከተቆረሰ በኋላ የሚመልሰው የለም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ለአባቷ ከ«እሺ»፣ ከ«አዎ» እና ከ«አሚን» ሌላ አላልኳቸውም።

ኡስቶ ቃሲም ከምድጃው ማዶ ሆነው ሰምተዋል። አብረን ብዙ ዘመን ስለሠራን ሳልነግራቸው የሚያውቁት ነገር አለ።

«ፊቱ የተሰነጠቀ ዳቦ ለእጮኛ አይቀርብም» አሉ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ዓርብ ምድጃው ከፍቶብን ነበር ብንል ማን ይመሰክርብናል?»

«ዳቦ አልበድልም።»

«እንግዲያው ለሌላ ሰው ቁራሽ ታቦካለህ?»

«አቦካለሁ።»

ወደ እሳታቸው ተመለሱ። እኔም ሊጡን መታሁት። ያን ቀን ሊጡ እጄ ውስጥ ከወትሮው ከብዶኝ ነበር።

ረቡዕ የመጨረሻው ትምህርት ነበር። ሙኒሳ «አሁን ሩሲያ እንደ ደረሳችሁ አድርጋችሁ ጻፉ» አለችን። የሚጽፈው ትንሽ፣ የሚያወራው ብዙ ነው። ወሬው ስለ መንገደኛ ዳቦ ነበር። መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ከአዲስ ዳቦ አንድ ጊዜ ይነክሳል፤ የቀረውን እናቱ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ሲመለስ ራሱ ይጨርሰዋል። እስኪመለስ ማንም አይነካውም።

«የኔን እናቴ ጣሪያው ሥር ነው የምትሰቅለው» አለ ቡርሆን። «አባቴ እንዳይደርስበት። ያለ ዳቦ ሻይ አይጠጣም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ያንተንስ ማን ሊሰቅለው ነው ሲሮጅ? ምድጃው አፍ ላይ ብትሰቅለው ያርራል።»

ቀልድ ነበር። ካለው በኋላ እናቴ እንደሌለች ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ። ምንም አይደል አልኩት።

ሙኒሳ ወረቀቴን አነሣች። እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ «ባቡሩ እሑድ ይነሣል። እናት የለኝም። ዳቦዬን የሚሰቅለው የለም። እመለሳለሁ።»

አንብባ ቆመች። ደግማ አነበበችው።

«ሌሎቻችሁ ጨርሳችኋል፤ መንገዱ ይቅናችሁ» አለች። «ሲሮጅ ይቆይ።»

ልጆቹ ወረዱ። እትዬ ጉልሱም ግን በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ ወንድና ሴት ለብቻቸው እንዳይቀሩ ነው። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር።

«ለምን አልገጠምካቸውም?» አለችኝ ሙኒሳ።

«መምህር፣ እርስዎ…»

«እርስዎ አትበለኝ። እትዬ ጉልሱም ጫማቸውን እስኪያገኙ ነው ጊዜ ያለን።»

«ገና አላገኘሁትም» አሉ እትዬ ጉልሱም ከበሩ።

ሙኒሳ ወረቀቴን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ለአባቴ አንድ ሰው አለ አልኳቸው። ‹ሽማግሌ ላከ?› አሉኝ። አልላከም። ‹ቃል ተናገረ?› አልተናገረም። ‹ታዲያ በምን አወቅሽ?› አሉኝ። ምን ልበላቸው ሲሮጅ? በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያየኛል ልበላቸው?»

ፊቴ ነደደ። ለካ ሳትታይ ማየት የሚባል ነገር የለም።

«እኔ ያዘንሽልኝ ነበር የመሰለኝ» አልኳት። አንቺ ያልኳት ያን ጊዜ ነው። «ምስኪን ጋጋሪ ነው፣ እናስተምረው ብለሽ።»

«እኔ ደግሞ ዝም ያልከው ስላልፈለግከኝ ነው የመሰለኝ። በየሳምንቱ ይመጣል፣ በየሳምንቱ ዝም ይላል። ትምህርቱን ነው የሚፈልገው አልኩ።»

«የምልከው ሰው የለኝም። እናት የለኝ፣ አክስት የለኝ።»

«ራስህ ና።»

«ለራሱ ሽማግሌ የሚሆን የት አገር አለ?»

«እኔ የት አገር እንዳለ አላውቅም። የማውቀው ዓርብ ዳቦው ከተቆረሰ እኔም አባቴም አንተም ምንም ማድረግ እንደማንችል ነው። ከመቆረሱ በፊት ግን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይበቃኛል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ቁርጥራጭ አይሰሙም። ካንተ የምፈልገው ያንን ብቻ ነው። ‹አይሆንም› ቢሉህ እንኳ ተናግሮ ነበር ብዬ እኖራለሁ። ሳትናገር ከሄድክ ግን…»

አልጨረሰችውም። ያልጨረሰችው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ካፏ ወጥቶ አያውቅም።

«አገኘሁት» አሉ እትዬ ጉልሱም፣ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሲሰሙ።

ሙኒሳ ወረቀቴን ገመዱ ላይ ሰቅላ ወጣች። ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሜ የራሴን ጽሑፍ አየሁት። አራቱ ዐረፍተ ነገሮች እንደ ቆሙ ናቸው፤ ደረቴ ውስጥ ግን እርሾ የገባው ሊጥ ያለ ይመስል የሆነ ነገር እየነፋ ነበር።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ሳቦካ ዋልኩ፤ ሳቦካም ስናገር ዋልኩ። የቱ ቀደመ? የቱ በየቱ ምክንያት መጣ? «እናቴ ስለሞተች» እልና እቆማለሁ። ከመጀመሪያው እነሣለሁ። «ዘመድ ስለሌለኝ» ላይ ስደርስም እንደገና እጀምራለሁ። ምድጃው ውስጥ አንገቴን አግብቼ ዳቦ ስለጥፍ እንኳ ከንፈሬ አላረፈም።

«ከሊጡ ጋር ነው የምታወራው?» አሉ ኡስቶ ቃሲም።

«እየተለማመድኩ ነው።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«መሐል ላይ አትቁም አለኝ።»

«ብልኅ ሊጥ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው፣ ሳያዩኝ፣ «ዓርብ ንጹሑን ቀሚሴን ልበስ። ትከሻው ይበቃሃል» አሉኝ።

የዓርቡን ዳቦ ማንም እንዲነካብኝ አልፈቀድኩም። የዳቦውን ፊት የሚያስጌጠውን ማኅተም ራሴ መታሁ፣ ሰሊጡን ራሴ በተንኩ። አንድም አልተሰነጠቀም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ዳቦ አውጥቼ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ጨመርኩ። እሱ ሲበርድልኝ ከምድጃ ቤቱ ደፍ ላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩና ነከስኩት። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጉያዬ ከተትኩት።

ዳቦ የሚያመጣ ሰው እበሩ ላይ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ልማዱ እሱ ነው። የሙኒሳ አክስት ትሪውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «ይከብድሻል እትዬ» አልኩና አልፌያት ገባሁ።

ዶሙሎ ዙሁር ከላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ከኹጃንድ የመጡት ቢቢ ሮዚያ አሉ፤ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ናቸው፣ የሚያገባው ልጅ አያት። በግራቸው የልጁ ታላቅ እህት፣ ወርቅ ጥርስ ያላት፣ ጥሩ የለበሰች ሴት። ሙኒሳ የለችም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ክፍል እንደ ሆነች አውቃለሁ። ዳቦዎቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ማዕዱ ላይ ደረደርኩ።

«ምን ያምራል» አሉ ቢቢ ሮዚያ።

«ተባረክ ሲሮጅ፣ በቃ ልጄ ሂድ» አለችኝ አክስትየው።

አልሄድኩም። ከማዕዱ ግርጌ፣ ጫማ ከሚወለቅበት አጠገብ፣ ተንበረከክኩ። ዶሙሎ እጃቸውን ወደ ዳቦው ሊሰዱ ነበር፤ ሲያዩኝ መለሱት። ጉያዬ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ጨርቁን ገለጥኩ፤ የተነከሰውን ዳቦ በሁለት እጄ ይዤ ዘረጋሁላቸው።

«ዶሙሎ» አልኩ፣ «እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችና ሽማግሌ አድርጌ የምልከው ዘመድ ስለሌለኝ፣ ልማድ እንዳልሆነ እያወቅኩ ራሴ መጥቼ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ካቆመ ጋጋሪ የተሻለ ሰው ደጅዎ ላይ እንዳለ እያየሁም ቢሆን፣ እሑድ በባቡሩ ብሄድ የምመለሰው ሙኒሳ ወዳለችበት ቤት እንጂ ወደ ሌላ የትም እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ብዬ፣ ጥርሴ ያረፈበትን ዳቦ ወደ እጅዎ አምጥቻለሁ።»

ትንፋሼ አለቀ። አጭሩ ቀርቶኝ ነበር።

«ይስቀሉልኝ።»

ዳቦውን እንደ ዘረጋሁ ቆየሁ። የጠየቅኩት ነገር ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የመንገደኛን ዳቦ አልሰቅልም ማለት አትመለስ ብሎ መሸኘት ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ አይወጣም። ልጃገረድ ካለችበት ቤት የባዕድ ወንድ ዳቦ መስቀል ደግሞ ለሌላ ፈላጊ የሚዘጋ በር ነው።

«ይህ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» አለች የልጁ እህት። «እኛ ለምን መጣን ታዲያ?»

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ከተቆረሰ በኋላ ብመጣ በደሌ ይብስ ነበር።»

ዶሙሎ ዙሁር አላዩዋትም። እኔን ነበር የሚያዩት፣ ልክ ሰሌዳ ፊት አቁመው መልስ ይጠብቁኝ እንደ ነበረ ጊዜ።

«ማን ገጠመልህ ይህን?»

«ቃሉ የኔ ነው። መግጠሙን ያስተማረችኝ ልጅዎ ናት።»

ቢቢ ሮዚያ እጃቸውን ዘርግተው የዳቦውን ንክሻ ጠርዝ በጣታቸው ነኩት። ረጅም ጊዜ ነው የነኩት።

«የኔም ልጅ ዳቦ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ አለ» አሉ። «በየጠዋቱ አቧራውን አራግፍለታለሁ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሰው እቤቴ ሲመጣ ‹ይህን ምን ታደርጊበታለሽ› ይለኛል።» ወደ ዶሙሎ ዞሩ። «የመንገደኛ ዳቦ በእጅ ተይዞ አይቆይም። ስቀሉለት።»

«አያቴ!» አለች ሴትየዋ።

«አንቺ ዝም በይ። ለወንድምሽ ኹጃንድ ሙሉ ልጃገረድ አለለት። ለዚህ ልጅ ግን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።» ከዚያ ንክሻውን ደግመው አዩና «ጥርሱም ቀጥ ያለ ነው፤ ደህና ልጅ ይመስላል» አሉ።

ዶሙሎ ከተቀመጡበት ተነሡ። ዳቦውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ግድግዳውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ምንጣፍ አዩ፣ የሚሰቅሉበት አልነበረም።

«ሚስማር…» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሙኒሳ በአንድ እጇ መዶሻ፣ በአንድ እጇ ሚስማር ይዛ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ እጇ ግን ጸንቶ ነበር። መዳፏ ላይ የሚስማሩ ምልክት ታትሟል።

«ከጠዋት ጀምሮ ይዤዋለሁ አባዬ» አለች።

አባቷ ልጃቸውን አዩ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ፊታቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። መዶሻውን ተቀበሏት። ሚስማሩን በገዛ እጃቸው መቱ፣ ዳቦውን ከነጨርቁ ሰቀሉ፣ እንዳይዘም ቀና አደረጉት።

«ሰቀልኩ እንጂ አልቆረስኩም» አሉኝ ዞረው። «ተመልሰህ ይህን ስትጨርስ ስለሚቆረሰው ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ ደብዳቤ ትጽፋለህ። እየቆራረጥክ እንዳትጽፍ።»

«እሺ ዶሙሎ። በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ እየገጠምኩ እጽፋለሁ።»

ስወጣ ሙኒሳ በሩ አጠገብ ነበረች፣ እኔ ዘወትር በምቀመጥበት ዓይነት ቦታ። ዓይኗን አልሰበረችም። እኔም አልሰበርኩም።

«አታስቢ» አልኳት።

«ትንሽ ማሰቤ አይቀርም» አለች።

እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝምና ቢቢ ሮዚያ ያልተቆረሱትን ዳቦዎች በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ኹጃንድ ተመለሱ። እሑድ ባቡሩ ተነሣ፤ እኔም ሄድኩ።